የማትወድቅ መኪና

በመኪና መመርመሪያ ጣቢያው ሠራተኞች አነጋገር ያለው ሁለት ዓይነት መኪና ብቻ ነው፤ ወድቆ የሚመለስ አለ፣ ጭምት አለች። ጭምት የፋብሪካ ስሟ አይደለም። ትክክለኛ ስሟ ከኋላዋ በብረት ፊደል ተለጥፏል፤ የሚጠራት ግን የለም። ትንሽ፣ ፊተ ክብ፣ ባለ አራት በር መኪና ናት። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ነዳጅ ላይ ቁጥብ፣ ጭስ የማታበዛ፣ መንገድ ላይ ቆማ ባለቤቷን የማታዋርድ ስለሆነች ሰው «ጭምት» አላት፤ በዚያው ጸና። በየዓመቱ ለምርመራ ከሚመጡት የመኪና ዓይነቶች ሁሉ እንደ እሷ የሚያልፍ አልነበረም። አልፎ አልፎ አንዷ ብትወድቅ እንኳ ባለቤቱ የተቃጠለ አምፖል ሳይለውጥ ይዟት መጥቶ ነው። «ጭምትን መመርመር ውሃን ማጠብ ነው» ይሉ ነበር የፍሬን መፈተሻውን የሚያንቀሳቅሱት አዛውንት። ጎማ ከሚያሽከረክሩት ወፋፍራም ብረቶች የተነሳ ጣቢያው ሁሉ ጋሽ ሮለር ይላቸዋል።

የዚህች መኪና አለመውደቅ ለባለቤቶቿ ኩራት፣ ለሻጮቿ ሲሳይ ነበር። ለአንዲት ሴት ግን የእግር እሳት ሆነባት።

ሴትዮዋ መርማሪ ናት። የሥራ ቦታዋ ከመሬት በታች ነው፤ መኪኖች ከላዩ የሚቆሙበት፣ በጠባብ ደረጃ የሚወረድበት ረጅም ጉድጓድ። መኪናው ከላይ ሲቆም እሷ ከታች በእጅ መብራት የመሪውን ዘንግ፣ የፍሬኑን ቱቦ፣ የጭስ ማውጫውን አንድ በአንድ ታያለች፤ መላወስ የሌለበት ነገር እንዳይላወስ በብረት ትነቀንቃለች። ስትጀምር ሾፌሮቹ «ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ምን ትሠራለች?» ብለው ተሳስቀውባት ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም። እጇ የነካው ነገር አያመልጣትም፤ አፏ ደግሞ አያዳላም። ለገባ ሹፌር ሁሉ የመጀመሪያ ቃሏ «ፍሬን ይያዙ» ስለሆነ እትዬ ፍሬን አሏት። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

አርባን ተሻግራለች። በወጣትነቷ አንድ ጊዜ ታጭታ ነበር፤ እጮኛዋ ሌላ አገባ። «ደህና ሆነ» አለችና በማግስቱ ሥራዋ ላይ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። እናቷ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት ብዙ አትወጣም፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። «ልጄ፣ ብረት ሲመሽ አያቅፍም» ትላታለች፣ ልጅቷ የቅባት ሽታ ይዛ በገባች ቁጥር።

ሰውየው መጀመሪያ የመጣው ዝናቡ ባባራ ሰሞን ነበር። አረንጓዴ ጭምት ነበረች የያዘው። መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ስትቆም መርማሪዋ ሥራዋን ጀመረች።

«ፍሬን ይያዙ።»

«ያዝኩ።»

«ይልቀቁ። መሪውን ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ።»

 ከዚያ ሰውየው በመስኮቱ ራሱን አወጣና ወደ ታች «እመቤቴ» አለ፣ «ከመሬት ውስጥ ሰው ሲያዘኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሞቼ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ አላስቸግርም።»

ሳቀች። ጉድጓዱ ሳቋን ተቀብሎ አስተጋባው። ጋሽ ሮለር ከማሽናቸው ቀና ብለው ግራና ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ጉድጓድ ስድብ ሰምተው ያውቃሉ፣ ሳቅ ግን ሰምተው አያውቁም።

ሰውየው ፎቶ አንሺ ነው። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ ተማሪዎችን በክፍል በክፍል ያነሳል። የኋላ መቀመጫው ላይ የካሜራ ማቆሚያ፣ የተጠቀለለ ሰማያዊ ሸራ፣ በክዳን የተዘጋ ቆርቆሮ ሙሉ ማበጠሪያ ነበር። መብራቶቹን ለማየት ከጉድጓዱ ስትወጣ ቆርቆሮውን አይታ «ይሄ ሁሉ ማበጠሪያ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ፀጉሩን ሳያበጥር የተነሳ ልጅ እናቱን ዕድሜ ልክ ያሳማታል» አለ። «እኔ ደግሞ በሰው እናት አልጨክንም።»

መኪናዋ አለፈች። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። ነገር ግን መርማሪዋ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ አለችና አጠገቧ የተቀመጠች ሴት መልሳ ፈገግ አለችላት።

በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ድምፁን ከላይ ስትሰማ ልቧ ምን እንዳደረገ እሷው ታውቃለች። «ዛሬም እዚያው ነዎት?» አለ፤ «የት ልሂድ?» አለች። ያን ዓመት ሚስቱ ከሞተች ብዙ ጊዜ እንደሆናት፣ ልጅ እንደሌለው ነገራት፤ የነገራት መሪውን ወደ ቀኝ እያዞረ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እሷ ስለ እናቷ ጉልበት ነገረችው። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ በአንዴ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳበትን ፎቶ በመስኮት አወረደላት፤ እጇ ቅባት ስለነበር በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ምርመራው ካለቀ በኋላ ተራ የሚጠብቀው ሹፌር ጥሩንባ ይነፋል፤ ሰውየው እጁን ያወጣል፤ ጭምት ትሄዳለች። ከዚያ ዓመት ሙሉ ዝም።

እንዲህ ያለውን ጥበቃ የሚያውቀው ያውቀዋል። ክረምቱ ሲገባ እሷ ቀን መቁጠር ትጀምራለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ሻሿን ትለውጣለች። ከቆብና ከመከላከያ መነጽር ሥር ማን ያየዋል? ጋሽ ሮለር ያያሉ።

«ዛሬ ቢጫ ሻሽ ነው» ይላሉ። «ጭምት ልትመጣ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሥራዎን ይሥሩ።»

«እየሠራሁ ነው። መመርመር አይደል ሥራዬ?»

ይበልጥ የሚያንገበግባት የሌሎቹ መመላለስ ነበር። አኩራፊ የሚሏት ሌላ ዓይነት መኪና አለች፤ አንድ ነገሯ ሲጠገን ሌላ ነገሯ የምታኮርፍ። የወደቀ መኪና ተጠግኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ የአኩራፊ ባለቤቶች ከጣቢያው ሰዎች ጋር ቤተሰብ ሆነዋል። ዳቦ የሚያከፋፍል አንድ ወፍራም ሰውዬ አለ፤ በዓመት ስንቴ እንደሚመጣ ራሱም አያውቅም። የልጆቹን የክፍል ደረጃ፣ የአማቱን ደም ግፊት፣ ከወንድሙ የተጣላበትን ምክንያት መርማሪዋ በቃሏ ይዛዋለች። የማትፈልገውን ሰው በየወሩ ታገኘዋለች። ያ የምትናፍቀው ሰው ደግሞ የያዛት መኪና ድፍን ጤና!

«ምናለ» ትላለች በልቧ፣ «ምናለ ይቺ መኪና አንድ ጊዜ እንኳ ጉንፋን ቢይዛት!»

ስልክ ቁጥሩ ጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ መርማሪዋ ስክሪኑ ፊት ቆማ ነበር። አልነካችውም። የባለጉዳይን ስልክ ለራስ ጉዳይ ማየት ለእሷ ሰው ኪስ እጅ እንደ መክተት ነው።

በመጨረሻው ዓመት፣ መጨረሻ መሆኑን ሳታውቅ፣ ያ የተመኘችው ነገር መጣ። ጭምት ከላይ ቆማለች፤ ሰውየው ስለ አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ያወራል፤ እሷ ከታች መብራቷን ስታዞር ከመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ ሽፋን ተሰንጥቃ አየች።  ቀረብ ብላ ተመለከተች። ስንጥቁ ጠልቆ ካለፈና የውስጡ ግራሶ ከወጣ መኪናው ይወድቃል። ካልወጣ ደግሞ ለባለቤቱ ምክር ተነግሮት ያልፋል። ጣቷን አሳለፈችበት፤ ጣቷ ደረቅ ነበር። በጥፍሯ ትንሽ ብትገፋው ይቀደዳል። የሚያያት ማንም የለም። በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ቆሞ ያነጋግራታል፤ ምናልባት ሻይ ይላታል።

ጥፍሯን ጎማው ላይ እንዳደረገች ቆየች።

«እመቤቴ፣ አሉ?» አለ ከላይ። «ዝም ሲሉ ያስፈሩኛል።»

እጇን አነሳች። «አለሁ» አለች። «መሪው ጋ ያለች አንዲት የጎማ ሽፋን ልትቀደድ ነው። አሁን ምንም አትልም፤ ግን ዓመት አትቆይም። ጊዜ ሲያገኙ ያስለውጧት።»

 ሰውየው እንደ ወትሮው ሳይቀልድ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካስለወጥኩ በኋላ መጥቼ ላሳይዎት?» አላት።

ይህን ጥያቄ ዓመታት ጠብቃዋለች። መጥቶ ፊቷ ሲቆም ግን አንደበቷ የለመደውን መለሰ፤ ለስንት ሺህ ሰው ስትለው የኖረችውን።

«አያስፈልግም። አልፈዋል።»

«እሺ» አለ ሰውየው። «እግዜር ይስጥልኝ።» ጭምት ድምጿን ሳታሰማ ወጣች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። በደረጃው ሮጣ ወጣች፤ ጉድጓዱ ላይ ግን ቀጣዩ መኪና ቆሞ ሹፌሩ «ፍሬን ልያዝ?» ይላታል። ያን ቀን ለምሳ አልወጣችም። ማታ እናቷ «ምን ነክቶሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የወየበው?» ብላ ጠየቀቻት። «ምንም» አለች፤ «አንድ መኪና አለፈ።»

«መኪና ማለፉ ነው የሚያስለቅስሽ?» አለች እናቷ፤ ከዚያ ልጇን አየት አድርጋ ሌላ አልጠየቀችም።

በዓመቱ ዝናቡ አባራ። ቢጫው ሻሽ ወጣ። አረንጓዴ መኪና አልመጣም። ሳምንት አለፈ፤ ሌላ ሳምንት መጣ። የምርመራ ጊዜዋ ያለፈባት ጭምት መንገድ ላይ መታየት እንደሌለባት እሷ ታውቃለች፤ ሰውየው ደግሞ ቀኑን አዛንፎ አያውቅም። አንድ ነገር ሆኗል አለች። ሞቷል የሚለውን ሐሳብ አምጥታ መልሳ ጣለችው፤ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሮለርም ቀልዳቸውን ተዉ፤ ሻይ ሲጠጡ ለእሷም ያመጡላት ጀመር።

አንድ ጠዋት ጭምት መጣች። ታርጋዋን ከሩቅ አወቀችውና ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ጠበቀች።

«ፍሬን ይያዙ» አለች።

«ይዣለሁ!» አለች አንዲት ሴት ከላይ። «ቶሎ በይልኝ እህቴ፣ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀኛለች።»

አዋላጅ ነበረች፤ ፈጣን፣ ቆፍጣና ሴት። መርማሪዋ መብራቶቹን ለማየት ወጣች። እንደምንም ብላ «መኪናዋ የሌላ ሰው አልነበረችም?» አለች።

«የፎቶ አንሺው ነበረች። ሸጠልኝ። ደግ ሰው ነው፤ ጎማዎቹን እንኳ አዲስ አድርጎ ነው የሰጠኝ። ለምርመራ ወደዚህ ጣቢያ ብቻ ውሰጃት አለኝ። እዚያ ከመሬት ውስጥ የምትናገር ሴት አለች፣ እሷ ታውቃታለች አለኝ። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እሱ… ደህና ነው?»

አዋላጇ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ የሴትዮዋን ፊት አየች፤ ሰዓቷን ተወችው። «ዓይኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «መንጃ ፈቃድ ሊያድስ ሄዶ የዓይን ምርመራው ላይ ወደቀ። እየደከመ ነው መሰለኝ። አሁን ከገበያው ጀርባ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችው፤ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል።»

ጭምት እንደ ልማዷ አለፈች።

መርማሪዋ ጉድጓዱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሮለር ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሰው ሲያወራ ማሽናቸውን የሚያጠፉት በከንቱ አይደለም።

«ሂጂ እንጂ» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«ፎቶ ልነሳ ብለሽ ነዋ! ፎቶ ቤት ሰው ምን ብሎ ይሄዳል? ጎመን ስጡኝ ይላል?»

ቅዳሜ ሄደች። ልብሷን ሦስት ጊዜ ለወጠች፤ እናቷ ከአልጋዋ ሆና «የመጀመሪያው ይሻላል» አለቻት። ፎቶ ቤቱ ከጫማ ጠጋኝና ከቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የተማሪዎች ፎቶ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል፤ ሁሉም ልጆች ፀጉራቸው ተበጥሯል። ሰውየው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሽበት የጀማመረው ሰው፤ ዓመት ሙሉ በልቧ የያዘችው ፊት ይኸው ነው፣ ትንሽ ከስቷል። አያት፤ አላወቃትም። እንዴት ያውቃታል? ያለ ቆብ፣ ያለ መነጽር አይቷት አያውቅም። ደግሞም ሲያያት ዓይኑ እሷ ላይ ሳይሆን ከእሷ ትንሽ ወደ ጎን ነበር የሚያርፈው።

«ለመታወቂያ ነው?» አለ። ራሷን ነቀነቀች። መናገር ፈራች።

ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ካሜራው ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠግቶ አየ። «አገጭዎን ትንሽ ቀና። ትከሻዎን ዘና ያድርጉት፤ ፍርድ ቤት የቀረቡ አስመሰሉት እኮ። ፊትዎን ወደ ግራ። ትንሽ ይጨምሩ።»

«በቃኝ ወይስ ልጨምር?» አለች።

ሰውየው ከካሜራው ቀና አለ። እጁ ባለበት ቀረ።

«እንዴ» አለ። «ይህን ድምፅ እኔ የማውቀው መሬት ውስጥ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያወሩት ብዙ ነው። በሩን ዘግቶ ሻይ አዘዘ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። «መኪናዋ በየዓመቱ አለፈች፤ የወደቅኩት እኔ ነኝ» አላት፤ ሊያስቃት ነበር፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ሐኪሞቹ የቀረውን እናቆይልህ ይሆናል እንጂ የጠፋውን አንመልስም ብለውታል። መሃል መሃሉን አያይም፤ ዳር ዳሩን ያያል። የሰው ፊት ለማየት ከዚያ ሰው ጆሮ ወዲያ ማየት አለበት።

መርማሪዋ ደፈረች። «ያን ጊዜ መጥቼ ላሳይዎት ሲሉኝ…»

«አልፈዋል አሉኝ።»

«አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እኔም እኮ አልሄድኩም ነበር» አለ። «ከግቢው ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ምናልባት ስትወጣ አገኛታለሁ ብዬ። ዘበኛው መጥቶ ‹አባት፣ መንገድ ዘግተዋል› አለኝ። ይሄ ልጅ አባት ካለኝ እኔ ምን ስጠብቅ ነው አልኩና ሄድኩ።»

አቀርቅራ እጆቿን አየች። ከቅባት ለማስለቀቅ ጠዋት በሳሙናና በአሸዋ የፈተገቻቸው እጆች ጥፍራቸው ሥር አሁንም ጥቁር ነበሩ። እሱ ያን አላየም። እጁን ዘርግቶ ጣቶቿን ፈለገ፤ አገኘ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ። «ይሄ አንቱታ ይቅርብን።»

«እሺ» አለች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ፣ አንተ» አለችው፤ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አዲስ ጥርስ ተሰማት።

ነገር ግን ደስታ ሲመጣም ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ሰውየው ፎቶ ቤቱን ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ትናንት ተዋውሏል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐይቅ ዳር ወዳለች ከተማ፣ ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ነው። ብቻውን ምግብ ሲያበስል ሁለት ጊዜ እጁን አቃጥሏል፤ እህቱ መጥታ አልቅሳ ቃል አስገብታዋለች። «ከትናንት ወዲያ ብትመጪ ኖሮ» አለ፤ ቀጥሎም ራሱን ነቀነቀና «ከትናንት ወዲያም ብትመጪ ዓይኔ ያው ነው» አለ። አትሂድ አትለው ነገር፣ እናቷን ጥላ የምትከተልበት መንገድ የላትም፤ እሱን ወስዳ የምታስቀምጥበት ሦስተኛ ክፍልም የላትም።

«አድራሻህን ጻፍልኝ» አለች።

«ይርቃል እኮ። ግማሽ ቀን መንገድ ነው።»

«ጻፍልኝ አልኩህ።»

ሳቀ። «ዛሬም ታዣለሽ» አለ፤ ትልልቅ አድርጎ ጻፈላት።

በስልክ ያወሩ ጀመር። ማታ እናቷ መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ ደውላ ቀኑን ትነግረዋለች፤ ማን እንደወደቀ፣ ማን እንዳለፈ፣ ጋሽ ሮለር ምን እንዳሉ። እሱ የሐይቁን ድምፅ ይነግራታል፤ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው ይላታል። እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ትተነፍሳለች፤ አንድ ማታ ግን «ጉልበቷ ተሻላት ወይ ብሎ አይጠይቅም እንዴ ይሄ ሰው?» አለች። እሱ በስልክ ሰምቶ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ እናቷም የሰላምታ ድርሻ አላት። የሚገርመው ግን ናፍቆቱ አልቀነሰም። ዓመት ሙሉ ትችል የነበረችውን ሴት አሁን ሁለት ቀን አቃታት።

በክረምቱ መግቢያ ፈቃድ ወሰደች። ፈቃድ ወስዳ ስለማታውቅ አለቃዋ «ታመሻል?» ብሎ ጠየቃት። አጎራባች ቤት ያለችው የአክስቷ ልጅ እናቷ ዘንድ ልታድር ተስማማች። መርማሪዋ በሌሊት አውቶቡስ ሳይሆን በጠዋቱ ሄደች፤ የአውቶቡሱ የኋላ ፍሬን ሲይዝ ያፏጫል፤ መንገዱን ሙሉ እሱን ስትሰማ ሄደች።

በሩን የከፈተችላት እህቱ ናት። ከላይ እስከ ታች አየቻትና «የመሬቷ አንቺ ነሽ? እኔ አጭር አድርጌ ነበር ያሰብኩሽ» አለቻት፤ ሳመቻት። ሦስት ቀን ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ይሄዳሉ። እሱ ክንዷን ይይዛል፤ እሷ ያለውን ትነግረዋለች፤ ጀልባ መጣች፣ ሁለት ልጆች ይዋኛሉ፣ አንዱ ፈርቷል። እሱ ካሜራውን አንስቶ እሷ ባለችው በኩል ያነሳል። አብዛኛው ፎቶ ውሃና ሰማይ ብቻ ሆነ። በአንዱ ግን እሷ አለች፤ ከዳር፣ ግማሽ ፊቷ፣ ስትስቅ።

ጋብቻ የሚለውን ቃል ያነሳችው እህቱ ናት፤ ራት ላይ።  «እማዬ እስካለች እኔ ያለሁት እዚያ ነው» አለች መርማሪዋ። «እሷ እንዳትሄድብኝ ነው ደግሞ የምጸልየው።» እሱ «እኔም እጸልያለሁ» አለ፤ ከልቡ ነበር። እህቱ ሳህኖቹን አነሳች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኛት። እህቱ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። በወር በወሩ ልትመጣ ተነጋገሩ፤ የማይቻልበት ወርም እንደሚኖር ሁለቱም ያውቃሉ፤ አላነሱትም። ተቃቀፉ። ገብታ መቀመጫዋ ላይ ተቀመጠችና በመስኮቱ አየችው። ሞተሩ ተነሳ። ሰውየው ፈገግ ብሎ እጁን ማውለብለብ ጀመረ፤ የሚያውለበልበው ግን ለእሷ መስኮት አልነበረም። ከእሷ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ላለው መስኮት ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ አንዲት የማያውቃት ሴት ሕፃን አቅፋ ግራ ገብቷት ታየዋለች።

መርማሪዋ ቦርሳዋን ትታ ተነሳች። መተላለፊያው ላይ በቆሙት ሰዎች መካከል እየተጋፋች፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለች ወደ ኋላ ሄደች። «እህቴ፣ አንዴ ብቻ» አለቻት ሕፃን ያቀፈችውን ሴት። ሴትዮዋ ጠጋ አለችላት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መስታወቱ ላይ ፊቷን አስጠጋችና እሱ በሚያይበት በኩል እጇን አነሳች፤ አውቶቡሱ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ እንደዚያው ቆመች።